ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ጥርስ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጉጠት» እያለ ለሚጠራዎት፣

ወገብዎ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲውሉ አሁንም ቀና ማለት ያቅትዎታል? እኔ ብርዱ ጆሮዬን ከመቁረጡ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ለሁላችሁም ጤናውን ያብዛላችሁ፤ እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ሥራዬን በስልክ ስነግራት «ይህን ያህል ተምረሽ የሞተ ጥርስ ትቆጥሪያለሽ?» ብላ ስቃብኛለች። ለእርስዎ ግን ይገባዎታል። የተነቀለ ጥርስ አናቱን እከፍትና ቀለም እሰድበታለሁ። ከዚያ አሲድ ውስጥ ቀናት ይቆይና ይለሰልሳል፤ በአልኮል ውሃው ይወጣለታል፤ መጨረሻ ላይ ሽታው የወገብ ማሻሻ ቅባት የሚመስል ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ይጠራል። ያኔ ነርቩ የነበረባቸው ቦዮች በሥሩ ውስጥ በቀለም ተስለው ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

የኔ ድርሻ አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ ከላይ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ትንሹ መንጋጋ። ከጥርስ ሁሉ ጠባዩ የማይጨበጥ እሱ ነው። አንዱ ሰው ላይ ባለ አንድ ሥር ነው፣ ሌላው ላይ ሁለት፤ የውስጡ ቦይ ደግሞ ከውጪው ሥር ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። መጽሐፎቹ የተጻፉት ግን በሌላ ሰው ጥርስ ነው። የእኛን የቆጠረ የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ነቅለው የሚጥሉትን ይህን ጥርስ እባክዎ አይጣሉት። እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ ያድርጉና ዕድሜውን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀኝ ይሁን ግራ ይጻፉበት። ስም አያስፈልግም።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለፍንጭቷ ልጄ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የሄድሽበትን ያሳካልሽ። ወገቤማ እንደ ክሊኒኩ ወንበር ሆኗል፤ ወንበሩ መርገጫው ተይዞ አይነሳም፣ እኔም ከታጠፍኩ አልዘረጋም።

የሰው ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ ጫማና ኮት ይልካል፤ አንቺ ደግሞ ጥርስ ላኩልኝ ትያለሽ! ለበሽተኞቼ «ለእህቴ ልጅ ጥናት ነው» ስላቸው አንዱ ሽማግሌ «እንግዲህ እኔ ሳልሄድ ጥርሴ ሄደልኝ» ብሎ ተረኛውን ሁሉ አሳቀ። ሠላሳ አንዱን ልኬያለሁ። በየጠርሙሱ ያለው የኔ ጽሕፈት ነው፤ ካልተነበበልሽ እጄን ሳይሆን መነጽሬን ውቀሺ።

አሁን ደግሞ የኔን ጉዳይ ስሚ። ባለፈው ዓመት የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ የነበረውን ታውቂያለሽ፤ ጥርስን ሳይነቅሉ ነርቩን አውጥቶ ሥሩን ማከም። ዕቃውም ተሰጥቶኛል። እስካሁን የፊት ጥርስ አራት ሠርቻለሁ፤ የፊቱ ባለ አንድ ቦይ ስለሆነ አያስቸግርም። አሁን ግን እናትሽ ታማለች። አትደንግጪ፣ ጥርሷን ነው። ያው አንቺ የምትቆጥሪው፣ የቀኙ፣ ክር የምትበጥስበት። ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ መቀስ አጠገቧ ተቀምጦ በጥርሷ ነው የምትበጥሰው፤ ተሰንጥቆ ነርቩ ደርሷል። ልንቀለው ብላት «ክር በምን ልበጥስ ነው?» ብላ ተቆጣች። ስኳሯም ስላለ መቁሰሉን እኔም አልወደድኩትም።

እናም ጥያቄዬ፦ ስንት ቦይ ነው የምፈልገው? በሥልጠናው ላይ እዚህ ጥርስ ጋ ሳንደርስ ነው ሳምንቱ ያለቀው። መልስሽ እስኪመጣ ማስታገሻ መድኃኒት አድርጌ በጊዜያዊ መሙያ ዘግቼዋለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደ እጅዎ ያለ እጅ ያብዛልን። ጠርሙሶቹ ሳይሰበሩ ደረሱ፣ ጽሕፈትዎም ተነበበ፤ መነጽሩ ነጻ ወጥቷል።

ስለ እማዬ ጥርስ አይጨነቁ። ሁለት ቦይ ነው ያለው፤ አንዱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። ሁለቱን ካገኙ በቃ፣ ጠርገው ይሙሉት። ሦስተኛ ያለው አለ ይባላል፤ መጽሐፉ ግን ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ነው የሚለው፣ እርስዎን አያጋጥምዎትም። ፈጽመው አይፈልጉት። የጥርሱ ወለል ስስ ነው፤ ያለ ማጉያ ከቆፈሩት ይበሱታል፣ ከተበሳ ደግሞ ጥርሱ አለቀለት። የቦይ መጥረጊያ መርፌዎን የሆነ ቦታ ያዝ ቢያደርገው እንኳ ቦይ ነው ብለው አይከተሉት።

ሳስተምር እንደምጮህ ያውቃሉና ይቅር ይበሉኝ። አደራ፣ እማዬን ነው የሚሠሩት።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 8 ቀን

ይድረስ ለአስተማሪዬ ለፍንጭት፣

ሰላምሽ ይብዛ። ትዕዛዝሽ ተፈጽሟል። እናትሽን በሁለት ቀጠሮ ጨረስኳት። ሁለቱንም ቦይ አገኘሁ፣ ጠረግሁ፣ ሞላሁ፣ ከላይ ዘጋሁት። ራጅም አንስቻለሁ፤ መሙያው ሁለት ነጭ ክር መስሎ እስከ ሥሩ ጫፍ ወርዷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ነቃይ ስባል ኖሬ አንድ መንጋጋ አተረፍኩ ብዬ ለተረኛው ሁሉ አወራሁ። ያውም የእናትሽን። እኔንም አንቺንም በጀርባዋ ያዘለችን ናት።

ሠላሳ ስምንት ጥርስ ጨምሬያለሁ። ከታች ያለው የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ልጄ፣ ወንድሜ እጁ እንደ ጥጥ ነው። ለደንበኞቼ ሁሉ አፌን ከፍቼ እያሳየሁ ነው። ክር ግን በመቀስ ቁረጪ ብሎኛል፣ ይኸው ተሸነፍኩ። እናትሽ»

መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንዴት ከረማችሁ? ለእኔ ሥራው ከብዶኝ ዘገየሁ።

በየካቲት የላኩልኝን አርባ ዘጠኙን ጨምሮ በሦስት ዙር የደረሱኝን 118 ጥርሶች አጥርቼ ጨረስኩ። ዘጠኙ ሦስት ቦይ አላቸው። አለቃዬ አላመነችኝም፣ ሁለቴ አስቆጠረችኝ፤ ዘጠኝ ነው። በጉንጭ በኩል አንድ ነው የምንለው ሥር ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ቀን ሙሉ በደስታ ስፈነድቅ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጥርስ በብርሃን እያየሁ ሳለ እማዬ ትዝ አለችኝና ተቀመጥኩ።

ከመቶ አንድ ሁለት ያልኩዎት የመጽሐፉን ነው፣ የእኛን አይደለም። በእኛ ከሆነ አሥራ ሦስት ሰው ቢሰለፍ አንዱ ነው። በአንድ ሳምንት ስንት ሰው ያያሉ? ሦስተኛው ቦይ ሳይጠረግ ከተዘጋበት የሞተው ነርቭ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ወር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን መግል ይሆናል። እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት።

ስለዚህ እባክዎ ሌላ ራጅ ያንሱ። ቀጥ ብለው ካነሱት ሁለቱ የጉንጭ ሥሮች ይደራረቡና አንድ ይመስላሉ፤ የማሽኑን ቱቦ ወደ ጎን ዘወር አድርገው ያንሱና ይላኩልኝ። ራሴ አየዋለሁ።

በስልክ ስጠይቃት «ምንም አይለኝም» ትላለች። ግን ቃላቷን በአንድ ጉንጭ የምታወጣ መሰለኝ። ያማታል ወይ? እርስዎን ነው የምጠይቀው።

ልጅዎ

ግንቦት 6 ቀን

ይድረስ ለፍንጭት፣

ፈጣሪ ከፍ ከፍ ያድርግሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የዘገየሁት የራጁ ማሽን ተበላሽቶ ነው፤ ሠሪው ዛሬ ነገ ሲል ወር አለፈ። ሲሠራ እናነሳለን።

እናትሽ ደህና ናት። ሰሞኑን ብርድ ጉንጯን ትንሽ መትቷት ነበር፣ መድኃኒት ሰጥቻት ቀንሶላታል። ያማታል ወይ ላልሽው፣ ነርቩ የወጣ ጥርስ አያምም፤ ይህን እኔም ነግሬያታለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሥራ በዝቶባት ስለሆነ ነው በዚህ ደብዳቤ ግርጌ ያልጻፈችልሽ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትእዛዝ ይዛለች።

አሥራ ሁለት ጥርስ ልኬልሻለሁ፣ ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ የወጣት ናቸው፣ ይጠቅሙሻል ብዬ።

አጎትሽ

ግንቦት 18 ቀን

አጎቴ፣

ጥርስ አልጠየቅኩዎትም። የጠየቅኩት ራጁን ነው። እማዬ እንደሆነች በስልክ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አትነግረኝም።

ብርድ የመታት ጉንጭ የቀኙ ነው? ካበጠ ይንቀሉት። ከፍተው ሦስተኛውን ልፈልግ አይበሉ፣ ጊዜ አይሰጥም፤ ዝም ብለው ይንቀሉት። መንቀል ሙያዎ ነው፣ ማንም አይቀድምዎትም። አሳምሬ ሠርቼዋለሁ ብለው አይፈሩ፣ እኔም ነኝ ሁለት ነው ያልኩዎት። ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?

መልስዎን በስልክ ይንገሩኝ። ደብዳቤ አይጠብቁ።

ሐምሌ 14 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ልበልሽ ብል እንኳ አፌ አይፈታልኝም። እናትሽ ሆስፒታል ሳለች ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። «ሄሎ» ስትዪ ድምፅሽ የእሷን መሰለኝና ዘጋሁት። አንቺም ያን ሰሞን ስትደውዪ የክሊኒኩ ስልክ ሲጮህ አንቺ መሆንሽን አውቄ ሳላነሳ ቀርቻለሁ። እናትሽ ሰኔ 26 ቀን አረፈች። ቀብረናታል።

እንዴት እንደሆነ ሳልቀንስ ልንገርሽ። ሕመሙ የጀመራት በየካቲት ነው። ለእኔ በግልጽ አልነገረችኝም። ከቀበርናት በኋላ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስንከፍት የክር ማጠንጠኛው ቆርቆሮ ውስጥ ባዶ የሕመም ማስታገሻ ልጣጭ ሞልቶ አገኘን። ጥርሷን ነክሳ ትሰፋ ነበር። ለሰው ሁሉ አፏን ከፍታ «ወንድሜ ነው የሠራልኝ» ብላ አሳይታለችና ያመኛል ማለት እኔን ማዋረድ መሰላት። አንድ ሁለቴ «ይነዝረኛል» ስትለኝ ደግሞ እኔ ነኝ «የተዘጋ ጥርስ አያምም፣ ሐሳብሽ ነው» ያልኳት። እኅቴን ሐሳብሽ ነው አልኳት።

የራጁ ማሽን አልተበላሸም። ወደ ጎን አዙሬ አንስቼዋለሁ፣ ያንኑ ሳምንት ነው ያነሳሁት። ከሁለቱ ነጭ ክሮች አጠገብ ጥቁር ጥላ ነበር፣ የሥሩም ጫፍ ዙሪያውን ተበልቷል። አየሁት፣ ኪሴ ከተትኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ ሲደርስ ግን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። አደንዝዤ ጉጠቱን አነሳሁ። እጄን ያዘችኝና «ይህን ከነቀልክ ነገ ማን ነው ላንተ አፉን የሚከፍተው? እብጠቱ እንደሆነ በመድኃኒት ይጎድላል» አለችኝ። ጉጠቱን አስቀመጥኩት። እሷ ስለለመነችኝ አይደለም ፍንጭት፤ እንድትለምነኝ እየጠበቅኩ ስለነበር ነው።

እብጠቱ ጎደለ። ሁለት ሳምንት ስቀን ሰነበትን። ከዚያ በአንድ ቀን ተመለሰ፣ ዓይኗን ደፈነው። ሆስፒታል ስናደርሳት ጥርሱን ነቀሉት፣ መግሉን አፈሰሱት፣ ስኳሯ ግን አልወርድ አለ፤ መግሉ ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል አሉን። በአምስተኛው ቀን አለቀች። ስምሽን ጠርታለች፣ ግን ምን እንደምትል አልተሰማንም።

አናጺው ወንድማችን ከመቃብር ስንመለስ «ነቃይ ሆነህ ብትቀር ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ልክ ነው። ሁለቱን አገኘሁ፣ ሦስተኛውን አላየሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፣ ለሁሉም እንዲሁ ብያለሁ። አንቺ ሁለት ማለትሽን ለማንም አልተናገርኩም፣ አንቺም እንዳትናገሪ።

ጥርሷን ሆስፒታሉን ለምኜ ወስጃለሁ። ያንቺ ነው። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

አጎትሽ

ጳጉሜን 2 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሳልቀብራት ነው የቀበራችኋት። ይህን መጀመሪያ ልበለው። ሦስት ጊዜ ደውለው ሦስት ጊዜ የዘጉብኝ ስልክ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ እደርስባት ነበር። ሰኔን ሙሉ ደውዬለት ያላነሳ ሰው እንዴት ዛሬ ደብዳቤ ይጽፍልኛል ብዬ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። የዚያን ሰሞን ፊትዎን ባየው ምን እንደምል አላውቅም።

ጠርሙሱን ሦስት ሳምንት ሳልከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በጠርሙሱ ላይ እንደሌሎቹ ሁሉ «58፣ ሴት፣ ቀኝ» ብለው ጽፈዋል። አለቃዬ አይታው «የታከመ ጥርስ ነው፣ ለቁጥሩ አይገባም» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ትላንት ከፈትኩት። በማይክሮስኮፕ ሥር መሙያውን ቀስ ብዬ አነሳሁት። አጎቴ፣ ሥራዎ ንጹሕ ነው። ሁለቱ ቦዮች እስከ ጫፋቸው ተጠርገዋል፤ እዚህ የሚማሩት ልጆች እንደዚያ አይሠሩም። ከጉንጩ ቦይ አጠገብ፣ የእህል ፍሬ የማታክል ስፍራ ላይ ግን ጭረት አለ። የመርፌ ጭረት ነው። ሁለት ጊዜ ተሞክሯል፣ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ከላዩ የእርስዎ መሙያ ተኝቶበታል፤ ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት የተጫረ ነው፣ የሆስፒታሉ አይደለም። ቀለም ጠብ አደረግሁበት። ቀለሙ በጭረቱ ገብቶ እስከ ሥሩ ታች ወረደ።

ሦስተኛው ቦይ አፉ ላይ ደርሰው ነበር። ግማሽ ሚሊሜትር ቀርቶዎት ነበር። አላየሁትም ያሉኝ ውሸት ነው። አይተውታል፣ ወይ እጅዎ አይቶታል፤ ያቆሙት «መርፌዎን ያዝ ቢያደርገው እንኳ አይከተሉት» ስላልኩ ነው። አንድም ማጉያ ሳይኖርዎት እጅዎ ያገኘውን እኔ በወረቀት ከለከልኩት። የመጽሐፉን ሰው አየሁ እንጂ እናቴን አላየኋትም፤ እኔ ነኝ ያስቆምኩዎት።

ይህን ለምን ደበቁኝ? ለምን ሆድ ይፍጀው አሉ? ይህን ደብዳቤ ለአናጺው ወንድምዎ ይስጡት። ራሱ ያንብበው፣ ለዘመዱም ሁሉ ያንብብላቸው። እኔ ነኝ ይበሏቸው። ከዚያም ወደ ሥራዎ ይመለሱ፣ እለምንዎታለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ እንዲሁ አይቀመጥም።

ልጅዎ

ጥቅምት 30 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥሽ፣ እንቅልፍም ይስጥሽ፤ አሁን ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት አላውቅም።

ከጠየቅሽኝ ልመልስልሽ። አዎ፣ መርፌውን ሁለቴ ያዝ አድርጎት ነበር። ሁለተኛው ላይ እጄ «እዚህ አለ» ብሎኛል። ደብዳቤሽን ከወንበሩ ጎን ካቢኔው ላይ በፕላስተር ለጥፌው ስለነበር ቀና ብዬ አነበብኩት። ጎንበስ ብዬ ደግሞ እናትሽን አየኋት፣ አፏን ከፍታ ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ አልፈራችም። ያን ጊዜ ከእጄ ይልቅ የተማረችውን ባምን ይሻላል አልኩ። አንቺ ያልሽው በመጽሐፍ ልክ ነበር። ብበሳው ኖሮ ደግሞ ያው ለምን አልሰማኸኝም ትዪኝ ነበር። ይህን እኔ አሰላስዬ ጨርሻለሁ፣ አንቺ አትጀምሪው።

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ገባች። ያው ጥርስ ነው፣ የግራው። «አይነቀልብኝ፣ ሊድን ይችላል ወይ?» አለችኝ። ይችል ነበር። ራጁን ወደ ጎን አዙሬ አንስቼ አየሁት፣ ሁለት ብቻ ነበር፣ ቀላል ነበር። መርፌውን ሳነሳ ግን ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። «አይድንም» አልኳትና ነቀልኩት። እያለቀሰች አመሰገነችኝ።

ደብዳቤሽን ለአናጺው አልሰጠሁትም፣ አልሰጠውምም። እሱ እኔን ቢጠላ እዚሁ አንድ ሰፈር ነን፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይገጥመኝና ይወጣለታል። አንቺን ቢጠላ ግን ባሕር ማዶ ድረስ መጥቶ አይታረቅሽም። እናትሽም ብትኖር የምትለው ይህንኑ ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጥፋተኛ ይበቃዋል፣ እሱም ተገኝቷል።

አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ የቆጠርሽውን ጻፊ፣ ያነበበው ሁሉ ይወቅ። ከእኔ ግን ከእንግዲህ ጥርስ አትጠብቂ።

አጎትሽ